የፒፓ ራስ ክዳን፦ መክደን ሌላ፣ ማፈን ሌላ

የአንባብያን ጥያቄና የአዘጋጆች መልስ

ባለፈው እትም ስለ ፒፓ አጠራረግ ከመለስን ወዲህ ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋሉ፤ የፒፓ ራስ በምን ይሸፈን? ጥያቄው ግን ሁለት ነው። ነፋስ የሚመክተው፣ ፍምና አመድ እንዳይበተን የሚይዘው፣ ከላይ የሚገጠም ክዳን አንድ ነው። ራሱን ከጭረትና ከመውደቅ የሚጠብቀው፣ እጅንም ከግለት የሚያድነው የቆዳ ልባስ ሌላ ነው። አንዳንዱ ጠያቂ ሁለቱን ቀላቅሎ ጽፎልናል፤ እኛ ለያይተን መልሰናል። እንዳንወዛገብ፦ «ራስ» ትምባሆው የሚሞላበት ክፍል በሙሉ ነው፤ «ጉድጓድ» ውስጡ፣ «ከንፈር» የላይኛው ጠርዝ፣ «አንገት» ደግሞ ከራሱ ወደ መምጠጫው የሚሄደው እንጨት።

ጥያቄ፦ ፈረንጅ አራዳ ነው የምኖረው። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ነፋሱ ትምባሆውን ቶሎ እያነደደ ምላሴን ስለሚያቃጥለኝ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ክዳን ገዛሁ። አሁን ደግሞ በየሁለት ደቂቃው ይጠፋብኛል። ጥፋቱ የክዳኑ ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ የሁለታችሁም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ክዳኑን እንመርምር፤ እሱ በቁጥር ይያዛል።

ነፋስ ፒፓን የሚጎዳው እሳቱን በማጥፋት አይደለም፤ በማራገብ ነው። ምድጃ ላይ ያለ ከሰል ሲራገብ የሚሆነውን ያስቡት። አጫሹ ሳይስበው አየር ከላይ ይገባል፣ ፍሙ ይጋጋላል፣ ጭሱ ትኩስ ሆኖ ምላስ ይገርፋል፣ ሲደጋገምም የጉድጓዱ ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ይከስላል። ክዳን የሚሠራው ይህን ያልተፈለገ አየር መቀነስ ነው። አጫሹ ራሱ የሚስበውን አየር ግን መከልከል የለበትም።

ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ፣ ይለኩም። የአብዛኛው ፒፓ የአንገት ቀዳዳ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። 4 ሚሊ ሜትር ማለት ወደ 12.6 ካሬ ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ነው። የክዳኑ ቀዳዳዎች ተደምረው የዚህን እጥፍ ካላለፉ ክዳኑ ያፍናል፤ ሦስት እጥፍ ቢሆኑ ደግ ነው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 3.1 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሚሰጥ 12 ቀዳዳ 38 ገደማ ይሞላል፤ ልክ ሦስት እጥፍ። ቀዳዳዎቹ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ከሆኑ ግን ያንኑ ለማግኘት 48 ያስፈልጋሉ፤ ገበያ ላይ የሚታዩት ደቃቅ ቀዳዳ ያላቸው ክዳኖች ይህን ያህል የላቸውም። ያሉትም ቢሆኑ በጥቂት ቀን ውስጥ በትምባሆው ሙጫ ይደፈናሉ። ክዳኑን ወደ ብርሃን አቅንተው ይመልከቱት፤ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ከታየ መድፈን ጀምሯል። በአልኮል በነከሩት ጥጥ ይጥረጉት፤ አልኮል ከሌለ አረቄም ያጸዳል፣ ለሌላ የታሰበ ካልሆነ። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ግን አይንካው።

ቀዳዳው በቂ ከሆነ ወደ አሞላልዎ እንምጣ። ትምባሆ ሲለኮስ ያብጣል፤ እስከ ከንፈሩ የተሞላ ጉድጓድ ክዳን ሲገጠምበት ያበጠው ትምባሆ ክዳኑን ከሥር ይገፋውና ቀዳዳዎቹን ይወትፋቸዋል። ከከንፈሩ በታች ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ባዶ ይተዉ። ክዳኑን አውርደው ይለኩሱ፤ ሲያብጥ በመጠቅጠቂያው ቀስ አድርገው ያስተኙት፤ ዳግም ይለኩሱ፤ ላዩ እኩል ከቀላ በኋላ ክዳኑን ይግጠሙ። በክዳኑ ቀዳዳ በኩል መለኮስ አጉል ስንፍና ነው፤ ነበልባሉ በብረቱ ተገፍቶ ወደ ጎን ይተኛና ከንፈሩን ያጠቁረዋል። «ክዳኑ ፒፓዬን አቃጠለው» ብለው ከጻፉልን ሦስት ሰዎች የሁለቱ ነገር ይኸው ነበር።

አንድ ነገር ይቀራል። ክዳን ያለበትን ፍም ዓይን አያየውም፤ ስለዚህ ሰው «ጠፋ» ብሎ እየፈራ አብዝቶ ይስባል፣ ነፋሱ ይሠራው የነበረውን ጥፋት ራሱ ይሠራዋል። ግለቱን ለማወቅ የፒፓውን ራስ ጉንጭዎ ላይ ያስደግፉት። ጉንጭ ካልቻለው ያሳርፉት።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። መርካቶ አካባቢ ላሜራ እየቆረጥኩ ድስት፣ ማንቆርቆሪያና ምድጃ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። አንድ ደንበኛ የፒፓ ክዳን ሥራልኝ ብሎ ፒፓውን ትቶልኝ ሄደ። ከጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ ልሠራውና በስታኞ ልበይደው አሰብኩ። ልኩን፣ አሠራሩን ንገሩኝ።

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም። ላሜራ ለለመደ እጅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ያሰቧቸውን ሁለቱንም ነገሮች ግን ይተዉአቸው።

የጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የፒፓ ፍም ሲሳብ ከ400 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ክዳኑ በሙሉ ያን ያህል አይግልም፣ ግን ፍም የነካው ቦታ ይግላል፤ ከዚያ የሚነሳውን ደግሞ ሰውዬው በአፉ ነው የሚስበው። ስታኞ ከዚህ የባሰ ነው። የተለመደው ስታኞ እርሳስ አለበት፣ በ183 ዲግሪም መቅለጥ ይጀምራል። በስታኞ የተያያዘ ክዳን ከሁለት ሦስት ሙሊት በኋላ ይፈታል፤ የእርሳሱ መርዝነትም አለ። የለስላሳ መጠጥ ጣሳም አይሆንም፤ ውስጡ በፕላስቲክ ነክ ቀለም የተለበጠ ስለሆነ ሲግል ይሸታል፤ አሉሚኒየሙም ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ በጣት ሲይዙት ይጨማደዳል።

የሚሆነው 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የነሐስ ላሜራ ነው። 0.3 ቶሎ ይጣመማል፤ 0.8 ደግሞ ለመታጠፍ ይደነድናል። መዳብ ይሠራል፣ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ራሱን የሚይዙት የክዳኑ ጥርሶች መጨበጥ ይተዋሉ። አሮጌ የቧንቧ መክፈቻ አቅልጠው አይጠቀሙ፤ የዚያ ነሐስ ብዙውን ጊዜ እርሳስ ይገባበታል።

ልኩን ከከንፈሩ ላይ በካሊፐር ይውሰዱ፣ በሁለት አቅጣጫ። በእጅ የተሠራ ፒፓ ፍጹም ክብ አይሆንምና ትልቁን ቁጥር ይያዙ። ራሱ ከዳር እስከ ዳር 36 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ለመላወሻ 1 ሚሊ ሜትር ጨምረው 37 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ላሜራው ላይ በኮምፓስ ይጫሩ፤ ይህ የመታጠፊያው መስመር ነው። ከዚያው ማዕከል ተነስተው 53 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ሁለተኛ ክብ ይጫሩና በዚህ በውጪው መስመር ይቁረጡ። በሁለቱ መካከል 8 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ጠርዝ ይተርፋል፤ ጥርሶቹ የሚወጡት ከዚህ ነው።

ጥርሶቹን ከመቁረጥዎ በፊት መሐሉን ያጎብጡት። እንጨት ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ጠርበው ላሜራውን ያስቀምጡና ክብ አናት ባለው መዶሻ ከመሐል ወደ ዳር እየዞሩ በቀስታ ይምቱ፤ መሐሉ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲነሳ ይበቃል። ላሜራው ሲደነድን ቢያስቸግርዎ መሐሉን ብቻ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አግለው ያቀዝቅዙት፤ ይለሰልሳል። ጠርዙን አያግሉት። ጥርሶቹ እንደ ሞላ ተመልሰው የሚጨብጡት ደንዳና ሲሆኑ ነው።

ቀዳዳ የሚበሳው ካጎበጡ በኋላ ነው። አስቀድሞ ቢበሳ ሲመታ ቀዳዳው ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይሰነጠቃል። ከሥሩ እንጨት ደግፈው፣ ቦታውን በሹል ሚስማር ነጥበው (አለዚያ ድሪሉ ይንሸራተታል)፣ በ2 ሚሊ ሜትር ይብሱ፤ 4 ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ትንሽ ክብ ላይ፣ 8 ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው። ከዚያ ወደ ዳር አይሂዱ፤ የጉድጓዱ አፍ ራሱ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከእሱ ውጪ የተበሳ ቀዳዳ እንጨት ላይ ነው የሚያርፈው። ከሥር የወጣውን ሹል ፍርፋሪ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ የድሪል ጫፍ በእጅዎ አዙረው ያንሱት። ይህን የሚዘል ባለሙያ ብዙ ነው፤ ሙጫው መጀመሪያ የሚይዘው ግን ያንን ፍርፋሪ ነው።

አሁን ጥርሶቹ። ጠርዙን ስምንት ቦታ ይክፈሉት። ቀጥ ያለ ቁርጥ ብቻ ካደረጉ ሲታጠፉ ይደራረባሉ፤ የውጪው ክብ ዙሪያ 166፣ የውስጡ 116 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ትርፍ አለ። ስለዚህ በስምንቱም ቦታ ውጪው ላይ 6 ሚሊ ሜትር ከፍቶ ውስጠኛው መስመር ላይ ዜሮ የሚሆን ሦስት ማዕዘን ቆርጠው ያውጡ። ጫፎቹን በሞረድ ያዶልድሙ። ከዚያ 37 ሚሊ ሜትር የሆነ ድቡልቡል እንጨት ላይ ደፍተው ጥርሶቹን አንድ በአንድ ወደ ታች ያጥፉ፤ አንዱን ጨርሰው ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን ወደ ፊት ለፊቱ ይሂዱ፤ አለበለዚያ ክዳኑ ይንጋደዳል። በመጨረሻም አንዱን አሳልፈው አንዱን፣ አራቱን ጥርሶች ብቻ በፒንሳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይጫኑ። ስምንቱም ከጨበጡ ክዳኑ በአንድ እጅ አይወጣም፤ የጋለ ነገር ደግሞ በአንድ እጅ መውጣት አለበት።

ለመያዣ መሐሉ ላይ ትንሽ የነሐስ ሪቬት ይምቱ። እንዳይጠፋ ከፈለጉ ቀጭን ሰንሰለት ከጥርሶቹ በአንዱ አስረው ሌላውን ጫፍ በአንገቱ ዙሪያ በሽቦ ቀለበት ያጥልቁ። ማጠፊያ ለማሰር ብለው የፒፓውን ራስ በብሎን እንዳይበሱት። የራሱ ግድግዳ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ብሎኑ ሙቀት እየሳበ እንጨቱን ከዚያው ቦታ ይሰነጥቀዋል። የድሮዎቹ የጀርመን፣ የኦስትሪያና የሀንጋሪ ረጃጅም ፒፓዎች በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ማጠፊያ ያለው የብር ወይም የነሐስ ክዳን ነበራቸው፤ ማጠፊያው ግን የታሰረው ራሱን ከከንፈሩ በታች በሚያቅፍ የብረት ቀለበት ላይ ነው። የቻለ ያን ይሥራ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከንፈሩ ላይ ሰፋ፣ ወደ ታች ጠበብ ለሚል ራስ ነው። ሆዱ የወጣ፣ ከንፈሩ የጠበበ ፒፓ ከሆነ ጥርሱ ይንሸራተታል። ለእሱ ጥርሶቹን ይተዉና ከክዳኑ ሥር ሦስት የሞላ ሽቦ እግሮች፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ ወደ ጉድጓዱ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚገቡ አድርገው በሪቬት ይያዟቸው። ቀስ ብለው የሚጫኑ ይሁኑ፤ ጠንክረው ከገፉ ግድግዳው ላይ የበቀለውን የከሰል ሽፋን ይፍቁታል። ያ ሽፋን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስካለው ድረስ እንጨቱን ከእሳት የሚጠብቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ንጹሕ ነሐስ» ተብዬ የገዛሁት ክዳን በሁለት ሳምንት ተልጦ ከሥሩ ዝገት ወጣ። ከቦሳ ኪቶ።

መልስ፦ ተለብጦ የተሸጠ ብረት ነው። ሲገዙ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ነሐስንም መዳብንም ማግኔት አይስባቸውም። የተላጠውን አይጠቀሙበት፤ ቅርፊቱ ትምባሆው ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደዶ ነው። አባቴ የጋያ (ጭሱ በቅል ውሃ ውስጥ የሚሳብ ማጨሻ) ሰው ናቸው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ቅል አሁንም አለ። ደጅ ሲቀመጡ ነፋስ ከሸክላው ራስ ላይ ፍሙን እያነሳ ሁለት ጊዜ ጋቢያቸውን በሳባቸው። የቲማቲም ድልህ ጣሳ በስቼ ብደፋበት ሸተተና «አንሳልኝ» አሉ። ምን ላድርግላቸው?

መልስ፦ አባትዎ ልክ ናቸው። የምግብ ጣሳ ውስጡ ቀለም ወይም ቲን የሚባለው ነጭ ብረት ይለበጣል፤ ንጹሕ ቲን በ232 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ቀለሙ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይጨሳል። ጋያ ላይ ከሰል በቀጥታ ስለሚቀመጥ ግለቱ ከፒፓ ይበልጣል። ለሸክላ ራስ የሚስማማው የሸክላ ክዳን ነው። ድስትና ግጣም ከአንድ ጭቃ ሲወጡ እንደሚገጥሙት ነው።

ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሲሄዱ የጋያውን ራስ ይዘው ይሂዱ፤ ልኩን በቃል አይንገሯት። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል፤ እንደ ጭቃው ዓይነት ከመቶ 8 እስከ 12 ያህል። የተጠናቀቀው ክዳን 60 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ከተፈለገና ጭቃው ከመቶ 10 የሚኮማተር ከሆነ እርጥቡ 67 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ሸክላ ሠሪዋ የጭቃዋን ጠባይ ከእኛ ቁጥር በላይ ታውቀዋለች፤ ልትስት የምትችለው ቀዳዳውን ነው፤ እሱም አብሮ ይጠባል። 5 ሚሊ ሜትር እንዲሆን 5.5 ይበሳ። ሰባት ቀዳዳ ይበቃዋል። ጋያ በውሃ ውስጥ ስለሚሳብ መጎተቱ በራሱ ይከብዳል፤ በክዳኑ ላይ ቁጠባ አያስፈልግም። ውፍረቱ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር፣ ቅርፁ እንደ ድስት ክዳን ጎበጥ ያለ፣ መሐሉ ላይ ጉብ ያለ መያዣ ያለው ይሁን። ከከሰሉ በላይ የሁለት ጣት ባዶ ቦታ ይኑረው፤ ከሰሉን ከነካ ያጠፋዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ራሱንም ክዳኑንም ባንድ ላይ አዲስ ማሠራት ነው። እርጥቡ ክዳን እርጥቡ ራስ ላይ እንደተቀመጠ፣ መሐላቸው አመድ ተነስንሶ (እንዳይጣበቁ)፣ ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ይድረቁ። ተለያይተው ከደረቁ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ ይጣመማል። ከተተኮሰ በኋላም በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ከሰል አይጫንበት፤ በትንሽ ፍም ይሙቅ፣ ይብረድ፤ በሁለተኛው ቀን ይቀጥሉ። በጅማ ክረምት እርጥበት ጠጥቶ የከረመ ሸክላ በድንገት ሲግል ይፈነዳል።

አባትዎ ሲበርድ ወደ ቤት አስገብተው በር የሚዘጉ ከሆነ ግን ክዳን አይረዳም፤ የከሰል ጭስ ያለ ሽታ የሚገድል መርዝ አለው። ጋያው ከነከሰሉ ደጅ ይቅር።

ጥያቄ፦ ጊንጆ ነኝ። ለባለቤቴ ፒፓ ከቆዳ ልባስ ልሰፋለት እፈልጋለሁ፤ ቦርሳ እሰፋለሁ፣ እጄ ሥራ ያውቃል። የሰፋሁት የመጀመሪያው ግን ከንፈሩ ጋ ተኮማትሮ ተሰነጠቀ፣ ማስቲሹም ሸተተ።

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለት ነገር አብረው ሄደዋል። ልባሱ እስከ ከንፈሩ ወጥቷል፣ ማስቲሽም ተቀብቷል። ማስቲሽ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፤ የፒፓ ራስ ደግሞ ከውጪ እጅን እስኪያስለቅቅ ሊሞቅ ይችላል። የቆዳ ልባስ በስፌት ብቻ ነው የሚያዘው። ይህ ሙያ ተራ አይደለም፤ ዛሬ ዓለም በቦርሳው የሚያውቀው የፈረንሳዩ ሎንግሻም እንኳ እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ላይ ሥራ የጀመረው በቆዳ የተለበጠ ፒፓ በመሸጥ ነው።

የፍየል ቆዳ ይፈልጉ፣ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በዕፅ የለፋ። በክሮም የለፋው እርጥብ ሆኖ ቅርፅ አይዝም፤ መለያውም ቀላል ነው፣ ቁርጡን ከጎን ሲያዩት ክሮሙ ሰማያዊ ወይም ግራጫ፣ በዕፅ የለፋው ቡናማ ነው። ልኩን ለማውጣት ራሱን በወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ይለብጡት፤ ከከንፈሩ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብለው መስመር ያስምሩ፤ ልባሱ ከዚያ አይለፍ። ፕላስተሩን ከኋላ በኩል፣ ከአንገቱ በላይ በቢላዋ ቀደው አንስተው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉት። ቆዳውን ሲቆርጡ መገጣጠሚያው ላይ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ይቀንሱ፤ ቆዳ ሲረጥብ ይለጠጣልና ያኔ እኩል ይመጣል።

ቀዳዳዎቹን በደረቁ ይውጉ፤ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ በየ3 ሚሊ ሜትሩ፣ በቀጭን ወስፌ። በሁለቱ ጎን ቁጥራቸው እኩል ይሁን። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፈው፣ በፎጣ ጨምቀው፣ ራሱ ላይ አልብሰው በሁለት መርፌ ይስፉት። ክሩን በሰም ያሹት፤ የከፋ አገር የንብ ሰም እያለ የተገዛ ሻማ አያስፈልግም። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይስፉ፤ ከላይ ከጀመሩ ሆዱ ላይ አየር ያዘለ እጥፋት ይቀራል። ፒፓውን ከማልበስዎ በፊት የጉድጓዱን አፍ በቡሽ ይድፈኑት፣ ውሃ እንዳይገባ። ሲጨርሱ ጥላ ውስጥ 24 ሰዓት ይድረቅ። ፀሐይም ምድጃም አያሳዩት፤ የመጀመሪያው የተሰነጠቀበት ሌላው ምክንያት ይኸው ይመስለናል።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ በክረምት ቆዳው ሥር ሻጋታ መግባቱ አይቀርም። ፒፓው በፌስታል ውስጥ አይቀመጥ፤ ከአቡጀዲ የተሰፋ ከረጢት ይበቃዋል። ነጭ ብናኝ ከታየ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት። የፒፓ ሰዎች «ልባስ እንጨቱን ትንፋሽ ያሳጣዋል» ይላሉ፤ የተጋነነ ነው፤ የሚታየው ጉዳት ሙቀቱ ቀስ ብሎ መውጣቱ ነው። ስለዚህ የለበሰ ፒፓ አንድ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይለኮስ፣ በማግሥቱ ይረፍ።

ጥያቄ፦ ጅሬን በርጩማ እጠርባለሁ። ከተረፈኝ ዋንዛ የፒፓ ክዳን ብሠራ ይገዛኛል?

መልስ፦ ለጋለ ፒፓ፣ አይሆንም። ዋንዛ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ በርጩማውን ከአንድ ግንድ እንዲያወጡት ያስችልዎታል፤ በዚያው ምክንያት ደግሞ ቀዳዳዎቹ በሁለት ቀን ይከስላሉ። እሳት የሚችለው የፒፓ እንጨት ሌላ ነው። ፈረንጆቹ ምርጥ ፒፓቸውን የሚሠሩት ከሜዲትራኒያን ዳርቻ ከሚቆፈር የቁጥቋጦ ሥር ጉብ ነው፤ ዛፉ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው አስታ ነው። ይህን ያነበበ ሁሉ አስታ ሊቆፍር እንዳይነሳ፤ ያ ተራራ ውሃውን የሚይዘው በእሱ ነው። ጉቡም ቢገኝ ለሰዓታት ተቀቅሎ፣ ለወራት ደርቆ ነው ለሥራ የሚደርሰው።

ለቀዘቀዘ ፒፓ ክዳን ከሆነ ግን ዋንዛም ወይራም ያምራል። አቧራና በረሮ ይከለክላል። ወደ ጉድጓዱ 6 ሚሊ ሜትር የሚገባ ድቡልቡል እግር ይውጣለት፤ ከጉድጓዱ 1 ሚሊ ሜትር ጠበብ ያለ፣ ዙሪያው ላይ ሁለት ቦይ የተፈለቀቀበት፣ አየር እንዲመላለስ። ቫርኒሽ አይቀባ፤ በሰም ይታሽ።

ጥያቄ፦ የቡና መጋዘን ጥበቃ ነኝ፣ ማና። ክዳን ያለው ፒፓ ስለሆነ መጋዘን ደጃፍ ላይ ባጨስ ምን ችግር አለው? አለቃዬ ግን ከለከለኝ።

መልስ፦ አለቃዎ ትክክል ናቸው። በ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብልጭታ ያመልጣል፤ ክዳን ይቀንሰዋል እንጂ አያግደውም። ጆንያ ደግሞ ለመያያዝ ነበልባል አይጠብቅም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨስ አድሮ ንጋት ላይ ይነሳል። ቡናም ሽታ ይጠጣል፤ ቀማሽ ያገኘው የትምባሆ ሽታ ጭነቱን በሙሉ ያስመልሳል። በዚያ ላይ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥራ ቦታና ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ሕጉ ክዳን ያለውንና የሌለውን ፒፓ አይለይም፤ ጤናም እንዲሁ አይለይም።

ጥያቄ፦ ግማሽ ሙሊት ሲቀር ለማጥፋት በቡሽ እደፍነዋለሁ። ጓደኛዬ ፒፓውን እያበላሸኸው ነው ይለኛል። ከሰጦ።

መልስ፦ ጓደኛዎ እውነቱን ነው። በቡሽ ሲደፈን አየር ያጣው ፍም ይጠፋል፤ ትኩሱ እርጥበት ግን መውጫ አጥቶ ግድግዳው ላይ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ጉድጓዱ ወለል ይወርዳል። ያንን በማግሥቱ ሲለኩሱት መራራ ነው፤ ሲደጋገም ደግሞ ወለሉ ይበሰብሳል፣ ቡሹም ከሥሩ ይከስልና ፍርፋሪው ትምባሆው ውስጥ ይቀራል። ፒፓ ለማጥፋት አለመሳብ ይበቃል፤ ቀዳዳ ያለውን ክዳን ገጥመው ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይሞታል። ከዚያ ክዳኑን አንስተው የቀረውን ትምባሆ በሽቦ ጫፍ ያውጡት፤ በአንገቱ ውስጥ ጥጥ የተጠመጠመበት ቀጭን ሽቦ አንድ ጊዜ አሳልፈው እዚያው ይተዉት፣ እስከ ጠዋት እርጥቡን ይጠጣዋል። ቡሹ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም በጎኑ አንድ ቦይ ተቆርጦለት። አመዱን ደግሞ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ያራግፉት፤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የገባ «የሞተ» ፍም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊነሳ ይችላል።